ምሽቱን ማን ያቅደው?

ዛሬ ስለ መዝናናት ትንሽ እናወጋለን። “የጤና መጽሔት ደግሞ ስለ መዝናናት ምን አገባው?” የምትሉ አትጠፉም። ያገባዋል። ምክንያቱን ለማየት እስቲ ከአንድ ምሳሌ እንነሳ።

እንበልና አሥራ ሁለት ተማሪዎች ናችሁ፤ ሰባት ወንዶችና አምስት ሴቶች። ከሽንፋ ተነስታችሁ፣ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጋችሁ፣ አዘዞን አልፋችሁ ጎንደር ገብታችኋል። ወደ ትልቅ ከተማ የሚያስወጣ ጉዳይ ብዙ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከትንንሽ ከተሞች ተነስተው ብዙ ሆነው የሚጓዙ ተማሪዎች በርክተዋል። ሌላው ለስፖርት ውድድር፣ ሌላው ለክበብ ጉብኝት ይወጣል።

የሄዳችሁበት ጉዳይ ተጠናቀቀ። ነገ ጠዋት ወደ ሀገር ቤት መመለስ ነው። አሁን ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል፤ ፒያሳ መሐል ቆማችኋል።

“የት እንሂድ?” ይላል አንዱ።

“እኔ እንጃ፤ እናንተ ደስ ያላችሁ ቦታ” ትላለች ሌላዋ።

“ኧረ መጀመሪያ ሆዳችንን!”

“ኧረ መጀመሪያ ፎቶ!”

እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንድ ሰዓት ያልፋል። ይጨልማል። ይርባችኋል፤ ይበርዳችኋል። ይሄኔ ከመካከላችሁ የአንዱ የሩቅ ዘመድ ነኝ ባይ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ይመጣና “እኔ የማውቀው ምርጥ ቤት አለ፤ ሒሳቡን ለእኔ ተዉት” ይላል። ሁላችሁም ትከተላላችሁ።

ያን ጊዜ ምሽቱ ታቀደ ማለት ነው። ያቀደው ግን ከአሥራ ሁለታችሁ አንዳችሁም አይደላችሁም። የዛሬው ጨዋታችን ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ ምሽታችሁን እናንተ ካላቀዳችሁት ሌላ ሰው ያቅድላችኋል።

ሽንፋ ላይ ያልቸገረን ለምን ጎንደር ላይ ይቸግረናል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆላ አገር ምሽት የራሱ ሥርዓት አለው። የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል ሰው ከቤቱ ወጣ ይላል፤ አልጋው ደጅ ይዘረጋል፤ ቡና ይፈላል፤ ጨዋታ ይደራል። ብታመሹ ጎረቤት ያያችኋል። “አንተ የእነ እገሌ ልጅ፣ ምን ትሠራለህ በዚህ ሰዓት?” የሚል አባት፣ “ነይ ግቢ!” የምትል እናት አይጠፋም። ይህ አንዳንዴ ሊያናድዳችሁ ቢችልም ጥበቃ ነው።

ትልቅ ከተማ ውስጥ ግን የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚያውቅ የለም። ነጻነቱ ደስ ይላል። ያ ሁሉ ዓይን በሌለበት ቦታ ጥበቃችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፤ የሚያዘውም በዕቅድ ነው። አባቶች “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ኤች አይ ቪ በማምሸት አይያዝም። አብሮ በመብላት፣ በመጨፈር፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። የደከመው፣ የራበውና መጠጥ የቀመሰ ሰው የሚወስነው ውሳኔ ጠዋት ከሚወስነው ይለያል። አልኮል ማስተዋልን ይቀንሳል፤ “አይሆንም” ለማለትም ሆነ ኮንዶም ለመጠቀም የነበረንን ሐሳብ ያስረሳል። ሒሳብ የከፈለ ሰው ውለታ እንዳለበት አድርጎ የሚያስብ አለ። መመለሻ ያጣች ልጅ ደግሞ የማታምነው ሰው ቤት ለማደር ትገደድ ይሆናል። ለዚህም ነው መመለሻውና ሒሳቡ ከጤና ጋር የሚያያዙት።

ከመመለሻው ጀምሩ

ብዙ ሰው ምሽትን የሚያቅደው “የት እንሂድ?” ብሎ ነው። እናንተ ገልብጡት። መጀመሪያ “በስንት ሰዓትና በምን እንመለሳለን?” በሉ። መመለሻው ከተወሰነ ሌላው በቀላሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። በሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ላይ ቀን፣ ጠግባችሁ ሳላችሁ ተነጋገሩ።

1ኛ. በስንት ሰዓትና በምን እንመለሳለን? ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማደሪያችን እንግባ ካላችሁ 1፡30 ላይ ከእራት ትነሳላችሁ ማለት ነው። ባጃጅ ሦስት ሰው ቢይዝ ለአሥራ ሁለት ሰው አራት ባጃጅ ያስፈልጋል። ሴቶቹን ብቻቸውን በአንዱ አጭቆ መላክ አይገባም። ብቻውን የሚቀር ሰውም አይኑር።

2ኛ. ስንት ነን? ሲወጡ ይቆጠራል፤ ከየቦታው ሲነሱ ይቆጠራል፤ ሲገቡ ይቆጠራል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ። ጥንዱ የፍቅር ጉዳይ አይደለም! አንዱ የአንዱን መኖር የሚያውቅበት ነው። ወደ መጸዳጃ ቤት እንኳ ስትሄዱ ለጥንዳችሁ ንገሩ።

3ኛ. ስንት ብር አለን? ለዚህ ከታች እንመለስበታለን።

4ኛ. የት የት እንሄዳለን? ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይበቃል፤ እርስ በርስ በእግር የሚደረስባቸው ቢሆኑ ደግሞ እሰየው። አምስት ቦታ ያቀደ ቡድን ምሽቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

5ኛ. ማን ያውቃል? የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር፦ መምህር፣ ወላጅ፣ ያረፋችሁበት ቤት ሰው። የእሱ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ በእያንዳንዳችሁ ኪስ ይግባ። የሞባይል ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም።

የጸጥታውንም ነገር አትርሱ። በክልላችን የመንገዱም የከተማውም ሁኔታ ከቀን ቀን ሊለያይ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን ሰዎች ጠይቁ። የሰዓት እላፊ ገደብ ካለ ዕቅዳችሁ ከዚያ ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት። “ዛሬ አይወጣም” ከተባለ ደግሞ አይወጣም፤ ምሽቱ ግን አይቀርም፤ በማደሪያችሁ ግቢ ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ወደ በኋላ እናያለን።

ዝም ያለ ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም

አንድ ቡድን ስህተት የሚሠራበት መንገድ ይገርማል። አንዱ “አረቄ ቤት እንግባ” ይላል። አንደኛዋ በልቧ ባትፈልገውም ሌሎቹ የፈለጉ ይመስላትና ዝም ትላለች። ሌላውም እሷን አይቶ ዝም ይላል። በመጨረሻ ምናልባት አንድ ሰው ብቻ የፈለገውን ነገር አሥራ ሁለት ሰው ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀን ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ስም ሳይጻፍ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ “ማድረግ የምፈልገው” እና “በፍጹም የማልፈልገው”። ወረቀቱ ተሰብስቦ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ብዙዎች የፈለጉት ዕቅዱ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው እንኳ በፍጹም አልፈልግም ያለው ነገር ካለ ይወጣል። ዓይን አፋሯ ልጅም፣ ጮሌው ልጅም እኩል ድምፅ ይኖራቸዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። እስቲ አሥራ ሁለታችሁ 250 ብር 250 ብር አዋጣችሁ እንበል። ድምሩ 3,000 ብር ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ ትመረጣለች፤ የሚቆጣጠር አንድ ሌላ ሰው ይኖራል። ከዚያ እንዲህ ይከፈላል፦

ለመመለሻ ባጃጅ 600 ብር፤ ይህ መጀመሪያ ተነጥሎ ሌላ ኪስ ይገባል፤ ምንም ቢመጣ አይነካም።
ለእራት 1,500 ብር።
ለሻይ፣ ለማኪያቶ፣ ለቆሎ 500 ብር።
ለመጠባበቂያ 400 ብር፤ ካልተነካ ማታውኑ ለየባለቤቱ ይመለሳል።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዱት፤ የየቦታውን ዋጋ ቀን ላይ ጠይቃችሁ አስተካክሉት። አከፋፈሉን ግን ያዙት። ማዋጣት የማይችል ጓደኛ ካለ መዋጮው ዝቅ ይበል፤ ወይም ገንዘብ ያዧ ብቻ አውቃው በዝምታ ይሸፈን። አቅም ያጣ ልጅ በአደባባይ ማፈር የለበትም። ያን ጊዜ ነው “ሒሳቡን ለእኔ ተዉት” የሚል ሰው ክፍት በር የሚያገኘው። የራሱን እራት ራሱ የከፈለ ቡድን ለማንም ባለ ዕዳ አይሆንም።

አንድ ምሽት በጎንደር

አሁን ዕቅዱን ሰዓት በሰዓት እናውጣው። አስቀድሞ ግን ልብስ! ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ለሽንፋ ምሽት የሚበቃው ስስ ቲሸርት እዚያ ያንዘፈዝፋል። ሹራብ ወይም ነጠላ ያዙ። የበረደው ሰው በቶሎ “የሚያሞቅ ነገር” ይፈልጋልና።

ከቀኑ 10 ሰዓት፦ ፋሲል ግቢ። የግቢው በር ወደ ማታ ስለሚዘጋ ውስጡን ማየት የፈለገ ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ የመግቢያ ዋጋውን ከመዋጮው በፊት ጠይቁ። ገንዘብ ካልበቃ ደግሞ ቅጥሩን ከውጭ መዞር ይቻላል። ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ ቀስ ብለው እያወሩ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1636 እ.ኤ.አ. እንደሆነና ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ አንድ ሰው አንብቦ ቢመጣና በአምስት ደቂቃ ቢያስረዳ ጉብኝቱ ይጣፍጣል።

11፡30፦ በጃንተከል ዋርካ በኩል አድርጎ ወደ ፒያሳ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸውን ሕንፃዎች እያዩ፣ ፎቶ እየተነሱ፣ በመብራት ባማረው መንገድ ወክ ማድረግ ነው። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም። ሰው ፎቶ ስታነሱ ግን አስፈቅዱ፤ ጓደኛችሁ ያልፈቀደችውን ፎቶም አትለጥፉ።

12፡30፦ እራት። አሥራ ሁለት ሰው ድንገት ቢገባ ምግብ ቤቱ ሊቸገር ይችላል፤ ቀን ላይ ሄዳችሁ “ማታ አሥራ ሁለት ሆነን እንመጣለን” ብላችሁ ንገሩ፤ ዋጋም ያኔውኑ ይቆረጥ። ቡድናችሁ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ፣ ጾመኛም ፍስክ የሚበላም ካለ ሽሮና የጾም በያይነቱ ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። የሮመዳን ጾም ከሆነ እራቱ ከመግሪብ በኋላ ይሁን።

እራት ላይ ሌላም ነገር አለ። ከመካከላችሁ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መድኃኒት የሚወስድ ሊኖር ይችላል፤ ለአስም፣ ለስኳር ወይም ለኤች አይ ቪ። “ምንድን ነው የምትውጠው?” ብሎ መጠየቅ ጓደኝነት አይደለም። ውኃ ማቀበል ይበቃል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። እንግዲህ አንድ ገበታ ላይ መብላቱ ሊያስፈራው የሚገባ ማን ነው? ማንም።

1፡30፦ ቆጠራ፣ ባጃጅ፣ ጉዞ። 2 ሰዓት፦ ማደሪያ። ለትልቁ ሰው “ገብተናል፤ አሥራ ሁለት ነን” ብሎ መደወል።

ጨዋታው ገና ነው!

“በ2 ሰዓት ገብቶ መተኛት ምን መዝናናት ነው?” የሚል አለ። መች ተኙ አልን? አሁን ግቢው ውስጥ እውነተኛው ጨዋታ ይጀመራል። መውጣት ባልተቻለበት ቀንም ምሽቱን የምታደምቁት በዚሁ ነው።

እንቆቅልሽ፦ “እንቆቅልህ?” “ምን አውቅልህ!” መልሱን ያጣ “አገር ስጠኝ” ይባላል። ልጆች ሳለን ጎንደርንና አዲስ አበባን እየሰጠን አባከንን። እስቲ ዛሬ ደንብ አውጡ፦ የሚሰጠው አገር ከምዕራብ ጎንደር ብቻ ይሁን። ገንዳ ውኃ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ቋራ፣ ሽንፋ… ሽንፋን የሰጠ ልጅ ግን ነገ በምን ዓይኑ ይገባባታል?

የጥያቄና መልስ ውድድር፦ በአራት ቡድን ሦስት ሦስት ሆናችሁ። መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? (በመጋቢት 1881 ዓ.ም.) ቋራ የየትኛው ንጉሥ ትውልድ አገር ናት? (የዐፄ ቴዎድሮስ) የኤች አይ ቪ ጥያቄም ጣል አድርጉበት፤ የተሳሳተ ወሬ የሚታረመው እንዲህ በጨዋታ መሐል ነው።

ተረክ፦ ከተማ ልጆች አብረዋችሁ ካመሹ “እናንተ አገር ደግሞ ምን አለ?” ማለታቸው አይቀርም። አትፈሩ፤ የምትነግሩት አላችሁ። ከሽንፋ ወንዝ አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች መሣሪያና የምግባቸው ቅሪት ተገኝቷል። ጥናቱ “ኔቸር” በተባለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያ ሰዎች በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ ከቀሩት ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እሳት ላይ የበሰለ የአውሬ ሥጋ አጥንትና የሰጎን እንቁላል ቅርፊትም ተገኝቷል። በሽንፋ ዳር እሳት ዙሪያ ተሰብስቦ እራት መብላት እንግዲህ የትናንት ነገር አይደለም!

“አንድ ብቻ ቅመስ” ሲባል

ዕቅድ ቢኖርም የሚገፋ አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሺሻም ክልክል ነው። ሕጉን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ፊት ለፊት የሚገፋን ሰው ለመመለስ ግን አፍ መፍታት ያስፈልጋል። ቀን ላይ በሳቅ በጨዋታ ተለማመዱት።

“አንድ ብቻ ቅመስ፤ ወንድ አይደለህም እንዴ?” ሲል፦ “ወንድ ስለሆንኩ ነው የማልቀምሰው፤ ለእኔ ለስላሳ።”

“እነሱ ይሂዱ፣ አንቺን እኔ አደርስሻለሁ” ሲል፦ “አመሰግናለሁ ጋሼ፤ አብሬ ነው የመጣሁት፣ አብሬ ነው የምመለሰው።”

ቃሉ አጭር ይሁን፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያም ጥንዷ ወዲያው ጎኗ ትቁም። አንድ ሰው ብቻውን “እምቢ” ሲል ይከብደዋል፤ ሁለት ሲሆኑ ይቀላል። የወንዶቹ ድርሻም እዚህ ላይ ይታያል። ጓደኛችሁ ሴት ልጅን ሲያስጨንቅ እያያችሁ ብትስቁ ከእሱ ጋር ቆማችኋል ማለት ነው።

ያልታሰበ ቢመጣስ?

ካልጠረጠሩ ተመነጠሩ ነውና ይህንንም እናውራው። አንድ ሰው ቢጠፋ ቡድኑ አይበተንም፤ ቀድማችሁ በተስማማችሁበት ቦታ ትሰባሰባላችሁ፤ ለትልቁ ሰው ይደወላል።

ከመካከላችሁ አንዷ ወይም አንዱ ተገዶ ቢደፈር ወይም ያለ ኮንዶም ግንኙነት ቢፈጸም ጊዜ ሳታጠፉ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒትም እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ሲፈጥን ይሻላል። የተደፈረ ሰው ሐኪም እስኪያየው ገላውን ባይታጠብና ልብሱን ባያጥብ ለማስረጃ ይረዳል። ከሁሉ በላይ “ለምን ወጣሽ?” አይባልም። ጥፋቱ የደፋሪው ነው። ይህን ዓይነት ወቀሳ የሚፈራ ሰው ይደብቃል፤ ሲደበቅ ደግሞ ሰባ ሁለቱ ሰዓት ያልቃል።

ሽንፋ ስትመለሱ

ይህን ሁሉ ከጎንደር ይዛችሁ ግቡ። በሰሊጥ አጨዳ ወራት አካባቢያችን በሥራ ፈላጊ ይሞላል፤ የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ ያደምቃል፤ ምሽቱም ይረዝማል። ያኔ ሽንፋም በአቅሟ ትልቅ ከተማ ትሆናለች። ወረቀቱን አውጡ፤ “የምፈልገው፣ የማልፈልገው” በሉ፤ ቡና አፍሉ፤ እንቆቅልሽ ጠይቁ። በሥራ ብዛት ብቻውን የሚያመሸ ከደጋ የመጣ የዕድሜ እኩያችሁ ካለም ጋብዙት። እሱ ደግሞ በተራው የእናንተን እርዳታ የሚፈልግ ከቤቱ የራቀ ልጅ ነው።

ለክበባችሁ መወያያ
1. ባለፈው በቡድን ባመሻችሁበት ምሽት ዕቅዱን ያወጣው ማን ነበር?
2. መዋጮ ላይ ያልቻለን ጓደኛ ሳያፍር እንዴት ማካተት ይቻላል?
3. “አብሬ መጥቼ አብሬ እመለሳለሁ” የሚለውን ቃል የክፍላችሁ ደንብ ብታደርጉት ማን ይቃወማል? ለምን?

መልካም ምሽት!